ነብሩን ማን ቀባው?

ጥቅምት 5 ለአቦ ንግሥ ከደብረ ማርቆስ ወጥቼ ወደ ተወለድሁበት ደብር ሄድሁ። ታቦቱ ዑደቱን ጨርሶ ከገባ በኋላ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደማደርገው፣ ጫማዬን አውልቄ የመቅደሱን ግድግዳ እየዞርሁ ወደ ምዕራቡ በር መጣሁ። ነብሬን ላየው ነው። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከስድሳ አንበሶችና ከስድሳ ነብሮች ጋር እንደኖሩ ገድላቸው ይናገራል። የእኛ ደብር ሠዓሊ ግድግዳው ስለጠበበው በግራ ሦስት አንበሳ፣ በቀኝ ሦስት ነብር ብቻ አስቀምጦ ነበር። ሦስተኛው ነብር ከመቃኑ አጠገብ፣ ዝቅ ብሎ፣ በሕፃን ቁመት ልክ ነው የተሣለው። ነጠብጣቦቹ ቀይ ቡናማ ቀለበቶች ናቸው፤ አንዱ ከሌላው አይገጥምም። ጀርባው ላይ ቀለሙ ተልጦ ሸራው ይታያል። የስንት ዘመን ሕፃን እጁን እየዘረጋ ሲዳብሰው ነው ያለቀው። እኔም ዳብሼዋለሁ።

ነብሩ የለም። ግድግዳው ከመሬት እስከ ጣሪያ ሰማያዊ የዘይት ቀለም ተለቅልቋል፤ የሱቅ በር የሚቀባበት ዓይነት። በላዩ ላይ ከማተሚያ ቤት የመጣ ባነር በሚስማር ተመትቶ ተንጠልጥሏል። ጻድቁ እንደ ፎቶግራፍ ያብረቀርቃሉ፤ በእግራቸው ሥር ያለው አንበሳ ከሰርከስ የወጣ ይመስላል፤ የነብር ዘር ጭራሽ የለም። ከሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው አንዱን ጠየቅሁት። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ለደብሩ ጉልበቱንም ገንዘቡንም የሰጠ ነው። እንዲህ አለኝ፦ «አንተ የተማርህ ሰው ነህ። አውሬ በቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ምን ይሠራል? የድሮ ሰው መሣል አያውቅም ነበር፤ እንደ ሕፃን ነው የሚሞነጫጭረው።»

ያን ቀን መልስ አልሰጠሁትም፤ ንዴቱ አንደበቴን ያዘው። ዛሬ ልመልስለት።

አውሬ በቤተ መቅደስ ምን ይሠራል? ወንድሜ፣ ኅዳር 8 ቀን ማንን ታከብራለህ? አርባዕቱ እንስሳን አይደለም? የእግዚአብሔርን ዙፋን የተሸከሙት አራቱ ገጸ ሰብእ፣ ገጸ አንበሳ፣ ገጸ ላህምና ገጸ ንስር ናቸው። አባቶቻችን እንዳስተማሩን ገጸ ሰብእ ለሰው ልጅ ይለምናል፤ ገጸ አንበሳ ለዱር አራዊት፣ ገጸ ላህም ለቤት እንስሳት፣ ገጸ ንስር ለአዕዋፍ። አውሬው በዙፋኑ ሥር ጠበቃ አለው ማለት ነው። አንተ ከግድግዳ ያባረርኸው በሰማይ ቦታ የተሰጠውን ነው። የምትኖርባት የደብረ ማርቆስ ከተማ ስምስ? ድሮ መንቆረር ትባል ነበር። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ለወንጌላዊው ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን አሠሩና ከተማዋ በስሙ ተጠራች። የማርቆስ ምልክት ምንድን ነው? አንበሳ ነው! በአንበሳ ስም በተጠራች ከተማ ተቀምጠህ አንበሳ ከቤተ ክርስቲያን ይውጣ ትላለህ።

ገና አልጨረስሁም። እመቤታችን በወርቅ ጫማዋ ውሃ ቀድታ ያጠጣችው ውሻ የታለ? የተጠማች ወፍ ከአቦ ዓይን እንባ ስትጠጣ የሚያሳየው ሥዕልስ? ቅዱስ ያሬድን ዜማ ያስተማሩት ሦስቱ ወፎች፣ አቡነ አረጋዊን ደብረ ዳሞ ያወጣው ዘንዶ፣ አባ ሳሙኤል ዘዋልድባን የተሸከመው አንበሳ፣ ከመርቆሬዎስ ጥቁር ፈረስ ጎን የሚቆሙት ሁለቱ ገጸ ከለባት፣ የጊዮርጊስ አንባላይ ፈረስ፣ እነዚህን ሁሉ አውጣቸውና ከግድግዳህ ላይ ምን እንደሚቀር ንገረኝ። ቀና ብለህ ጉልላቱን እይ። ሰባቱ የሰጎን እንቁላሎች ለምን እዚያ ተሰኩ? ጎጃም ደጋ ላይ ሰጎን አይኖርም፤ ከሩቅ ቆላ ነው ተሸክመው ያመጡት። ሰጎን እንቁላሏን ከዓይኗ አትለይም፣ ዓይኗን ያነሳች እንደሆነ እንቁላሉ ይበላሻል ይላሉ። እግዚአብሔርም ዓይኑን ከእኛ አይለይም ለማለት ነው እዚያ ያስቀመጡት። በቅርቡ ያየኋቸው ሁለት አዳዲስ ሕንፃዎች በእንቁላሉ ቦታ የብረት ኳስ ተክለዋል። ኳስ ማንን ይጠብቃል?

«እንደ ሕፃን» ላልኸው ደግሞ የኔታ ይመልሱልህ፤ ነፍሳቸውን ይማርና። ቅኔ ቤት ሳለሁ አንድ ቀን ከግድግዳው ፊት አቆሙኝና «ዓይን ቁጠር» አሉኝ። ቆጠርሁ። መርቆሬዎስ ሁለት ዓይን አለው። ከፈረሱ ሥር የወደቀው ከሐዲው ንጉሥ ዑልያኖስ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው፤ ፊቱ ወደ ጎን ዞሯል። «ጻድቅ በሁለት ዓይን ያይሃል፣ ኃጥእ አንድ ዓይኑን ይደብቅሃል» አሉኝ። ከዚያ ወደ ነብሩ ወሰዱኝ። ነብሩ ፊቱን ሙሉ ለሙሉ ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይን ያያል። «ይህስ?» አሉኝ። ጻድቅ ማለት ነው አልሁ፣ ግራ እየተጋባሁ። «ጻድቅማ አይደለም፤ ጻድቅን ያየ ነው። ነብሩ ሰሙ ነው፤ ወርቁን አንተ አውጣው።» የሰው ልጅ ከመሳቱ በፊት፣ አራዊት አዳምን ሳይፈሩትና ሳይበሉት በገነት የነበሩበት ዘመን፣ በአንድ ቅዱስ ሰው ዙሪያ ተመልሶ መጣ፤ ይኸ ነው ወርቁ። የሕፃን እጅ ሊደርስበት በሚችል ቁመት የተሣለውም፣ ሕፃን ነብር እንዲዳብስ ነው። ኢሳይያስ ስለ ነብርና ስለ ፍየል ጠቦት የተናገረውን ሠዓሊው በቃል ሳይሆን በቁመት ጻፈው። ይህን ያደረገ ሰው ነው መሣል አያውቅም የተባለው። በአዲሱ የመርቆሬዎስ ባነር ላይ ግን ዑልያኖስን ፈልጌ አየሁት፤ ሁለት ዓይን አግኝቷል፤ መልኩም ከቅዱሱ አይለይም።

አሁን ከጎጃም ልውጣና ሩቅ ልሂድ፤ ምክንያት አለኝ። በአፍሪካ ደቡብ ጫፍ፣ በድራከንስበርግና በማሎቲ ተራሮች ዋሻዎች ውስጥ ሳን የሚባሉት አዳኝ ሕዝቦች በሺዎች የሚቆጠሩ ሥዕሎች ትተዋል። አብዝተው የሣሉት ኤላንድ የተባለውን፣ ከአጋዘን ወገን ትልቁን የዱር እንስሳ ነው። ነጮቹ ሰፋሪዎች አይተው ምን አሉ? የእኛ ኮሚቴ ያለውን ነው ያሉት። አዳኝ ያደነውን ሞነጫጨረ፣ ከዚያ ያለፈ ነገር የለውም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1873 ጆሴፍ ኦርፐን የተባለ የመንግሥት ሹም በማሎቲ ሲዘዋወር ቂንግ የተባለ የሳን ወጣት መንገድ መራው። ኦርፐን የአጋዘን ራስ ያላቸውን ሰዎች እያሳየ ጠየቀው። ቂንግም ሞተው በወንዝ ውስጥ ስለሚኖሩ ሰዎች፣ ስለ ኤላንዶችና ስለ ጭፈራ ነገረው። ኦርፐን የሰማውን ጻፈ፤ ዘግይቶም ቢሆን እግዜር ይስጠው። ነገር ግን የመልሱ ትርጉም እስኪፈታ መቶ ዓመት ገደማ ፈጀ።

የፈታው ደቡብ አፍሪካዊው ዴቪድ ልዊስ ዊልያምስ ነው፤ መጽሐፉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ቁልፉን ያገኘው ድንጋዩ ላይ ብቻ በማፍጠጥ አልነበረም። ሰዎች የተናገሩትን አነበበ፤ በካላሃሪ ገና በሕይወት ያሉትን የሳን ፈዋሾች ምስክርነትም ከዚያ ጋር አያያዘው። ጌም ፓስ በሚባለው ዋሻ አንድ ሥዕል አለ። ኤላንዱ እየሞተ ነው፤ ራሱን ጥሏል፣ የኋላ እግሮቹ ተጠላልፈዋል። ከኋላው አንድ ሰው ጅራቱን ይዞ ቆሟል፤ የሰውየውም እግሮች እንደዚያው ተጠላልፈዋል፣ ተረከዙ ሰኮና ሆኗል። የሳን ፈዋሽ ሌሊቱን ሙሉ ሲጨፍር ኃይል ከሆዱ ፈልቶ ይነሣል፤ አፍንጫው ይደማል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይወድቃል። «ሞተ» ይላሉ። መንፈሱ ወጥቶ ለበሽተኛው ይከራከራል፣ ዝናብ ይጠራል፣ ከዚያ ይመለሳል። በመርዝ ቀስት የተወጋ ኤላንድም ይንቀጠቀጣል፣ ይደማል፣ ይወድቃል።

የቅኔ ተማሪ ሆይ፣ ይህን ላንተ ማስረዳት አለብኝ? ኤላንዱ ሰም ነው፣ ፈዋሹ ወርቅ ነው፣ «ሞት» ኅብረ ቃሉ ነው! የዋሸራንና የጎንጅን ደጅ ሳይረግጥ፣ ግእዝ ሳይቆጥር፣ አንድ የሳን ሰው በድንጋይ ላይ ቅኔ ዘረፈ። አውሮፓ መቶ ዓመት ሰሙን ብቻ እያየ «ሞነጫጨረ» አለው። የጎጃም ሰው ቢያይ ኖሮ በአንድ ቀን ባይፈታው እንኳ ቢያንስ ቅኔ መሆኑን ያውቅ ነበር እላለሁ። ወይም እል ነበር፤ ከጥቅምት 5 በፊት።

አንዳንዱ «ክርስቲያኑን ከአረማዊ ጋር አመሳሰለ» እንዳይለኝ። ሃይማኖቱ ሌላ ነው፤ አምላኩ ሌላ ነው። እኔ የምናገረው ስለ ማንበብ ነው። ሰው ለዓይን የማይታየውን ሊናገር ሲፈልግ እንስሳን ቃል አድርጎ መጠቀሙን እዚያም እዚህም አየሁ። እንዲያውም ከመቅደሱ ወጣ ብለን ደብተራው የሚጽፈውን ክታብ እንይ፤ ቤተ ክህነት የማትወድደው መሆኑን አውቄ ነው። ለበሽተኛው የታረደው በግ ወይም ፍየል ቆዳው ተፍቆ ብራና ይሆናል። ብራናው በበሽተኛው ቁመት ልክ ይዘጋጃል፣ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቀው። ጠልሰሙ ላይ ዓይን ይሣላል፣ ጋኔኑ ላይ የሚያፈጥበት። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹም በባሱቶላንድ፣ በዛሬዋ ሌሶቶ፣ ማፖቴ የተባለ ሽማግሌ እንደ ጥንቱ የሳን ሠዓሊዎች እንዲሥል ሲጠየቅ ለቀለሙ የኤላንድ ደም አምጡልኝ ብሏል። የታረደው እንስሳ በሥዕሉ ውስጥ እንዲኖር ፈልጎ ነው፤ የእኛም ደብተራ ብራናውን ከዚያው በግ ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልመለስ። የሳን ሥዕል ምስጢር የተረፈው በማን ነው? በእስረኞች! ኬፕ ታውን ወደብ ላይ በግዞት ድንጋይ ይሸከሙ የነበሩ ሰዎች ናቸው ያተረፉት። ካቦ የሚባለው ሽማግሌ እ.ኤ.አ. በ1871 ከእስር ቤት ወደ ቋንቋ አጥኚው ዊልሄልም ብሌክ ቤት ተወሰደ። ፍርዱን ከጨረሰ በኋላ ወደ ሚስቱና ወደ አገሩ መሄድ ሲችል ቀረ። የቀረው የሕዝቡ ነገር በመጽሐፍ እንዲታወቅ ብሎ ነው። ብሌክና የሚስቱ እህት ሉሲ ሎይድ ከእርሱና ከወገኖቹ አፍ የጻፉት 12,000 ገጽ ያህል ይሆናል። የካቦ ቋንቋ ዛሬ አንድም ተናጋሪ የለውም። ሰፋሪዎች በፈረስና በጠመንጃ አድነው ጨረሷቸው፤ የተረፉትም በሌላው ሕዝብ ውስጥ ጠፉ። እ.ኤ.አ. በ2000 ደቡብ አፍሪካ አዲስ የመንግሥት አርማ ስታወጣ ከሳን የድንጋይ ሥዕል የተወሰዱ ሁለት ሰዎችን መሐል ላይ አደረገች፤ መፈክሩንም በዚያ በሞተ ቋንቋ ጻፈችው። ክብር ነው። ሊያነበው የሚችል የካቦ ልጅ ግን የለም።

ያልተጠየቀ ሕዝብ ሥዕል ምን እንደሚሆን ለማየት ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። በጌዴኦ ሸጴ ገደል ላይ የተቀረጹትን ላሞች እዩ። በድሬዳዋ ዙሪያ በለገ ኦዳና በፖርክ ኤፒክ ዋሻ የተሣሉትን እንስሳት እዩ። ያምራሉ፤ ተሰልፈው ይሄዳሉ፤ ምን ያሉ እንደሆነ ግን የሚነግረን የለም። የሣላቸው እረኛ ላሚቱን ለምን ከገደል ላይ እንዳወጣት የሚያውቅ ሰው ሳይጻፍለት አልፏል። ዛሬ የምናደርገው ግምት ነው።

እኛን ግን ማን አደነን? ማን ጠመንጃ ደገነብን? የኔታ እስከ ባለፈው ዓመት ከደብሩ አጸድ ውስጥ ተቀምጠው ነበር፤ የጠየቃቸው የለም። በዲማ ጊዮርጊስ፣ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅ፣ በመርጡለ ማርያም፣ ግድግዳውን እንደ ዳዊት የሚያነብቡ አባቶች ዛሬም አሉ፤ ስልካችንን አውጥተን የምንቀዳው ግን የድምፅ ማጉያውን ጩኸትና የራሳችንን ፊት ነው። የሳንን ሥዕል ባዕድ ናቀው። የእኛን የምንንቀው ራሳችን፣ በራሳችን መዋጮ፣ በራሳችን ቡሩሽ ነው!

የጎንደርን የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ ቡድን ሥዕሎቹን ከነሸራቸው ከግድግዳው ላቅቆ ወሰደ፤ በምትካቸው የራሱ ሠዓሊ የሠራውን ቅጂ አስቀመጠ። ሥዕሎቹ ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። በደል ነው፤ መመለስ አለባቸው፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም። ነገር ግን የወሰደው ሰው ምን እንደወሰደ ያውቅ ነበር። የፓሪሱን ሥዕል ልጄ አንድ ቀን ሊያስመልሰው ይችላል። በሰማያዊ ዘይት የተለቀለቀውን ማን ይመልስልናል?

የኮሚቴውን ችግር አላውቅም አልልም። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፤ ምስጥ ይበላዋል፣ ክረምት ያረጥበዋል፣ ሸራው ከሙጫው ይለቅቃል። ምእመናን ተጨናንቀው ውጭ ቆመው ያስቀድሳሉ፣ ሰፊ ሕንፃ ይፈልጋሉ። ይሠራ! ማን ከለከለ? ከአሮጌው አጠገብ ይሠራ፤ አሮጌው ዕቃ ቤት ይሁን፣ የአብነት ተማሪ መማሪያ ይሁን። የግድ ከፈረሰም ሸራ እንደሚላቀቅና እንደሚጠቀለል እንጦንስ ምስክር ነው፤ ፈረንሳይ ለዝርፊያ የተጠቀመችበትን ሙያ እኛ ለጥበቃ መጠቀም ያቅተናል? ሕጉም አለ፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ማደስ ይከለክላል። አዋጁ ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። በገጠር ደብር ቡሩሽ የያዘ ሰው ግን ስሙንም አልሰማ። እዚያ ድረስ ወርዶ የሚነግረው የወረዳ ባለሙያ ካለ እጁን ያውጣ፤ እጁን እስመዋለሁ።

እዚህ ላይ የምከስሰው ራሴንም ነው። ከሦስተኛው ነብር ጆሮ በላይ አንዲት ትንሽ ወፍ ነበረች፤ ከአውራ ጣት አትበልጥም፣ ጥቁር ሆና ደረቷ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ ነበረባት። ከአቦ እንባ የምትጠጣዋ አይደለችም፤ እርሷ ከላይ በቦታዋ ነበረች። ይህቺኛዋ ጀርባዋን ለጻድቁ ሰጥታ ወደ በሩ ታይ ነበር። ሠዓሊው ዝም ብሎ አላስቀመጣትም፤ በዚያ ግድግዳ ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር አልነበረም። አንድ ቀን የኔታን እጠይቃለሁ እያልሁ ሠላሳ ዓመት አሳለፍሁ። ፎቶም አላነሣሁም። የኔታ በሰኔ አረፉ፤ ግድግዳው በመስከረም ተቀባ። ወፏ ምን እንደነበረች እኔም አላውቅም፣ ከእኔ በኋላም የሚያውቅ አይመጣም።

አንተ በዩኒቨርሲቲያችን ታሪክና ቅርስ የምታጠና ወጣት፣ አንቺ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ፣ እርስዎ ቄሰ ገበዝ፣ ከመጋቢቱ አቦ በፊት አንድ ቀን ስጡ። ስልካችሁን ይዛችሁ ወደ ደብራችሁ ሂዱ። ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ፣ ዝቅ ብላችሁ እስከ መሬቱ ድረስ ፎቶ አንሡት። ከዚያ ያሉትን አሮጌ መምህር ክንዳቸውን ይዛችሁ ከግድግዳው ፊት አቁሟቸውና ከትንሿ ወፍ ጀምራችሁ ጠይቋቸው።